ማኬኔዌ የጠራቻቸው ወንዶች

ንቶፌላ የወንድሟን ሚስት ማኬኔዌን ስትዘፍን መጀመሪያ የሰማቻት ዕለት፣ ከኀፍረት የተነሣ ብርድ ልብሷን እስከ ዐይኗ ድረስ ተከናነበች።

ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። ከቤታቸው ደጅ፣ በረጅሙ ዘንግ ጫፍ ላይ፣ ጠላ መድረሱን የሚያበስረው ነጭ ጨርቅ ይውለበለባል። የሃ ሌቱካ መንደር ወንዶች የሣር ባርኔጣቸውን እንደደፉ ግድግዳውን ተደግፈው ጣሳቸውን ይዘዋል። ማዕድኑ ሳንባውን በልቶ ወደ አገሩ የመለሰው አባባ ፖፎሎ አኮርዲዮኑን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ እንደ ልማዱ አንዴ እየሳለ አንዴ እየተጫወተ ነው። ማኬኔዌ የጠላ ማሰሮዋን ድንገት መሬት አስቀመጠችና፣ ማንም ሳይጠይቃት አፏን ከፈተች።

ከዚያች ቀጭን ሴት እንዲህ ያለ ድምፅ ይወጣል ብሎ ማን ያስባል! ሻካራ ነው፤ ሰፊ ነው፤ ከጉሮሮ ሳይሆን ከተረከዝ የሚነሣ ይመስላል። በአንበሳ ስም የሚጠራው ጎሳ ልጅ መሆኗን ዘፈነች፤ ልጅነቷን፣ እህል እየፈጨች ስታንጎራጉር አባቷ የገረፋትን፣ ከተዳረች ወዲህ ዝም ያለችባቸውን ዓመታት ሁሉ ዘፈነች። አንዱ ወንድ ጣሳውን ወደ አፉ እንደወሰደ ቀረ። አባባ ፖፎሎ ሳሉን ረሳ።

ማታ በርሜሉን ሲያጥቡ ንቶፌላ አልቻለችም።

«እትዬ፣ ምን ነካሽ?»

«ምን ነካኝ?»

«በወንድ ፊት! የጠላ ቤት ዘፈን፣ ፋሞ! ነገ ምንጭ ላይ የአለቃው ሚስት ስታገኘኝ ምን እላታለሁ? ባሏ የሄደባት ሴት ጠላ ቤት ስትጮህ ዋለች ሲሉ የማንን ስም ነው የሚያነሡት? የኛን ነው።»

«የአለቃውን ሚስት፣ ጉሮሮ ለመብል ብቻ የተሰጠው ሰው የሌላውን ጉሮሮ አይለካም በያት።»

«እኔ ይህን አልላትም!»

«እንግዲያው ዝም በያት። አንቺ ዝምታ ታውቂበታለሽ።»

የማኬኔዌ ባል ቴቤ የንቶፌላ ታላቅ ወንድም ነበር። «ማኬኔዌ»፣ የኬኔዌ እናት፣ ያሰኘቻት ልጃቸው ገና ጡት ሳትጥል ድንበር ተሻግሮ ወደ ወርቅ ማዕድኑ ወረደ። መጀመሪያ ላይ እንደ ማዕድን ሠራተኛ ሁሉ ስጦታ የሞላ ሣጥን ተሸክሞ ለገና ይመጣ ነበር፤ ቀጥሎ በሰው እጅ ብርድ ልብስ ይልካል፤ ቀጥሎ ሰላምታ ብቻ፤ በኋላም ሰላምታው ራሱ ጠፋ። ሞቷል የሚል አልመጣም፤ አለ የሚልም የለም። እናቱ በር በሩን እያየች ሞተች። ቤቱ ውስጥ የቀሩት ሁለቱ ሴቶችና ልጅቷ ነበሩ። ንቶፌላ አላገባችም። ስሟ «እንዲያው ዝም ብሎ ነገር» ማለት ነው፤ ከቴቤ ቀጥሎ የተወለዱት ስላለቁባት እናቷ ሞት እንዳያያት ብላ ያወጣችላት ነው። ሞቱስ አላያትም፤ ባልም ግን አላያት፣ እያሉ ይቀልዱባት ነበር።

የማኬኔዌ ድምፅ ግን መንደሩ ውስጥ ታጥሮ የሚቀር አልሆነም። ከታችኛው መንደር ለሠርግ ጠሯት። ከወንዙ ማዶ ለተዝካር ጠሯት። ንቶፌላ፣ የቤተሰቡን ስም የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል ብላ አብራ ሄደች። በመጀመሪያው ሠርግ ጥግ ላይ ተኮሳትራ ተቀመጠች። በሁለተኛው እጇ ሳታውቀው ያጨበጭብ ጀመር። በሦስተኛው ከበሮ መቺው ሰክሮ ወደቀና አባባ ፖፎሎ ከበሮውን እግሯ ሥር ጣለላት፤ አሮጌ ጣሳ ላይ የጎማ ከመነዳሪ ተወጥሮበት፣ ዙሪያውን የጠርሙስ ቆርኪ የተንጠለጠለበት ከበሮ ነው።

«ከምትቆጪ ምቺ» አላት።

መታች። ስም ልትጠብቅ ሄዳ ከበሮ መቺ ሆና ተመለሰች። የአለቃው ሚስት ይህንን ስትሰማ፣ «አንዷን ፈራሁ ስል ሁለቱም!» አለች ይባላል።

በኋላ አገር ሁሉ ያወቀውን ዘፈን ማኬኔዌ ያወጣችው ዝናብ የጠፋበት ዓመት ላይ ነው። በቆሎው ቁመቱ ከጉልበት ሳያልፍ ደረቀ፤ ከብቶቹ አጥንታቸው ይቆጠራል። አንድ ጠዋት ጎመን እየቀነጠሰች ሳለ ጀመረችው። ገና የመጀመሪያውን ቃል ስትሰማ ንቶፌላ ብድግ አለች። ዘፈኑ «ቴቤ፣ አንተ ቴቤ» ብሎ ነበር የሚነሣው።

«የወንድሜን ስም አውጪልኝ» አለቻት።

«ባሌን ነው የምጠራው።»

«ጥሪው። ግን በየጠላ ቤቱ ሰካራም ሁሉ ስሙን እያነሣ አይሳቅበት። ሞቶ ከሆነስ? በሙት ስም ይጨፈራል?»

«ስሙን ካወጣሁት ለማን ይሆናል? ስም የሌለው ጥሪ ማንን ዘወር ያደርጋል?»

«እሱ ከሰማው ያውቀዋል።»

ተጣሉ። በአንድ ምድጃ ዙሪያ ጀርባና ጀርባ ሆነው ገንፎ በሉ። ኬኔዌ በሁለቱ መካከል ጨው አቀባይ ሆነች። በመጨረሻ አንድ ቀን ማኬኔዌ እንጨት ሰብራ ስትመለስ ሸክሟን ሳታወርድ፣ «እሺ፣ ላንቺ ስል» አለችና ደጅ ላይ እንደቆመች ዘፈነችው፤

«አንተ ሰው፣ አንተ ሰው፣ ከመሬት በታች ያለህ፣
የሰው አገር ወርቅ ዐይንህን የጋረደህ፤
የሠራኸው በር ነፋስ ይገፋዋል፣
ሲያቃስት ስሰማ ልቤ አንተን ይለዋል።
ውሻህ ታወረች፣ ዛሬም ደጅ ታድራለች፣
ኮቴ በሰማች ቁጥር ጭራዋን ትቆላለች።
ባዶ እጅህን ና፣ ማን ሣጥን ጠየቀህ፣
ልጅህን የራባት ፊትህ ነው፣ ፊትህ።»

ንቶፌላ እንጨቱን ልታወርድላት ብድግ ብላ መሐል ላይ ቆማ ቀረች። ይህች አብራት ጎመን የምትቀነጥስ፣ ጠዋት ስትነሣ የምታጉረመርም፣ ጨው የምታበዛ ሴት ናት። ይህ ነገር ከየት መጣባት?

በዚያው ዓመት ብርዱ ሲገባ ከድንበሩ ማዶ አንድ ድምፅ ቀጂ መሣሪያውን ጭኖ ማፌቴንግ ከተማ መጣ። የመጣው ለታወቀ የወንዶች ቡድን ነበር። ከአንድ ሱቅ ጓሮ፣ በዱቄት ጆንያዎች መካከል፣ ማይክሮፎኑን ተክሎ ሲቀዳ ዋለ። ቡድኑ ጨርሶ ሲሄድ ካሴቱ መጨረሻ ላይ ትንሽ ባዶ ቦታ ተረፈው። አባባ ፖፎሎ ከሁለቱ ሴቶች ጋር ከጠዋት ጀምሮ በር ላይ ቆሞ ይለምነው ነበርና፣ «በሉ ግቡ፣ አንዴ ብቻ» አላቸው። «አንተ ሰው»ን አንዴ ተጫወቱ። በመሐል አባባ ፖፎሎ ሳለ። ቀጂው ሳሉን እንኳ አላወጣውም፤ ዛሬም ካሴቱ ላይ አለ።

ቀጂው ካሴቱን ይዞ ወደ ማዕድኑ ከተሞች ተመለሰ፤ ከዚያ ምንም የተሰማ ነገር አልነበረም። ወራት አለፉ። ማኬኔዌም ጠላዋን መጥመቅ ቀጠለች።

ለገና ሰሞን የማዕድን ሠራተኞቹ አውቶብሶች ድንበሩን ማቋረጥ ጀመሩ። አንድ ረፋድ ላይ ከጎረቤት መንደር ማኔዎ የምትባል ሴት ሻሿ አንገቷ ላይ ወርዶ፣ እየሮጠች መጣች። የዚህች ሴት ባል ሌፖቆ ከሄደ ታላቁ ልጃቸው ራሱ ጢም አብቅሏል።

«ማኬኔዌ! ምን አድርገሽ ነው? ምን አድርገሽብኝ ነው?»

«ኧረ ምን ሆንሽ? ተቀመጪ።»

«ሌፖቆ መጣ! ትናንት፣ ዶሮዎቼን እያስገባሁ ሳለ፣ ሣጥኑን ተሸክሞ በር ላይ ቆሟል። ሌባ መስሎኝ በመጥረጊያ መታሁት! ‹ምን ልትሠራ መጣህ?› ብለው፣ ‹ራስሽ ጠርተሽኝ› ይላል። ‹መቼ?› ብለው፣ ‹በካሴት› ይላል!»

«በካሴት?»

«በካሴት! እኔ! ቤተ ክርስቲያን እንኳ መዝሙር ሲባል ከንፈሬን ብቻ የማንቀሳቅስ ሴት! ‹ድምፅሽ ሻከረ እንጂ አወቅሁት› ይለኛል። ‹በሩን ነገርሽኝ፣ ውሻዋን ነገርሽኝ፣ እንዴት ልቅር?› እያለ እንደ ሕፃን ያለቅሳል። እኔኮ ውሻ የለኝም! ከሄደ በኋላ ሞታለች፤ እሱ ግን መታወሯን ሰምቶ ነው የመጣው!»

ማኬኔዌ አፏን በመዳፏ ያዘች። ንቶፌላ ሳቀች፤ ስትስቅ እንባዋ ይወርድ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ግን አላወቀችም።

ሌፖቆ የመጀመሪያው ነበር እንጂ ብቸኛው አልነበረም። ከላይኛው ተራራ አንዱ መጣ። ከወንዙ ማዶ ሁለት ወንድማማቾች አንድ ላይ መጡ፤ እያንዳንዳቸው ሚስቴ ነች የጠራችኝ ብለው መንገዱን ሙሉ ሲጨቃጨቁ ነበር የመጡት። ሞቷል ተብሎ የተረሳ፣ ስሙ ከጸሎት የወጣ ሰው ሣጥን ተሸክሞ ከአውቶብስ ሲወርድ ታየ። የሰማው ሁሉ ማፌቴንግ ገበያ ላይ አፉን ይይዛል። ሴቶች ወደ ማኬኔዌ ደጅ ዶሮ አቅፈው፣ ዱባ ተሸክመው ይመጡ ጀመር። ምን እንደሚሏት አያውቁም፤ እጇን ይስማሉ፤ አንዷ ደግሞ ጉሮሮዋን በጣቷ ጫፍ ነክታት ሄደች።

ሁሉም ግን አልመረቃትም። አንድ ቀን ጠይም መልከ መልካም ሴት ሕፃን አዝላ መጣችና ደጁ ላይ ቆመች።

«አንቺ ነሽ ዘፋኟ?»

«እኔ ነኝ፣ እህቴ።»

«ማን ጥሪ አለሽ? እኔ ቤቴን አበጅቼ ነበር። አንዱ ሄደ፣ ሌላው መጣ፣ ይህች ተወለደች። ዛሬ ሁለት ወንድ አንድ በር ላይ ቆመው ይተያያሉ። የምትጠሪውን ሰው በስሙ ጥሪ! የሁላችንን ሙት ለምን ትቀሰቅሻለሽ?»

ማኬኔዌ መንገድ ለቀቀችላት። ሴትየዋን አስገብታ ጠላ ቀዳችላት፤ ሕፃኗንም ተቀብላ አቀፈቻት። የተነጋገሩትን ንቶፌላ አልሰማችም፤ ብቻ ሴትየዋ ስትሄድ እየሳቀች አልሄደችም፣ እየተራገመችም አልሄደችም። ማኬኔዌ ያን ቀን እራት አልበላችም።

አውቶብስ በመጣ ቁጥር እሷም መንገዱ ዳር ትቆም ነበር። ሌሎቹ ሲወርዱ ታያለች። በሰው ደስታ እልል ትላለች። ቴቤ ግን አልወረደም።

በሚቀጥለው ዓመት የብርድ ወራት ከማዕድኑ ከተማ ጥሪ መጣ፤ እሑድ ቀን፣ በኳስ ሜዳው ላይ እንዲጫወቱ። አባባ ፖፎሎ ሐኪሙ አትውጣ ያለውን ረስቶ ጫማውን ቀባ።

ንቶፌላ ያን ያህል ወንድ ባንድ ቦታ አይታ አታውቅም። ውርጭ ነበር። ሜዳው ከዳር እስከ ዳር በብርድ ልብስ ተሞልቷል፤ ቀዩ፣ ሰማያዊው፣ ቡናማው፣ መጨረሻው አይታይም። ከኋላቸው ከምድር ሆድ የወጣው የአፈር ቁልል እንደ ተራራ ቆሟል። መድረክ ከሆናቸው ጭነት መኪና ላይ ሆና፣ ከበሮዋን ታቅፋ አየች። ያፏጫሉ፣ ይጮኻሉ፣ በትራቸውን ይነቀንቃሉ። ይህን ሁሉ ሰው አንዲት ጠላ ጠማቂ በምን ታስተናግደዋለች?

ማኬኔዌ አኮርዲዮኑን እንኳ አልጠበቀችም። «አንተ ሰው» ብላ ጀመረች።

ሜዳው ጸጥ አለ። ከፊት ያሉት ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ከእነሱ ኋላ ያሉት፣ ከዚያም ኋላ ያሉት፣ እንደ ማሽላ ነፋስ ሲያልፍበት፣ ራስ ሁሉ እስከ ዳር ድረስ ተገለጠ። የበሩን ስንኝ ስትደርስ አንዱ ከመሐል የመንደሩን ስም ጮኸ። ሌላው የራሱን ጮኸ። ወዲያው ከየአቅጣጫው ይወርድ ጀመር፤ ሰው የረሳቸው መንደሮች፣ ሦስት ቤት ብቻ ያላቸው፣ ከገደል አፋፍ ላይ የተንጠለጠሉ፣ በበረዶ የሚዘጉ። በዘፈኑ ውስጥ ስም ስላልነበረ እያንዳንዱ የራሱን አስገባበት። አገሩ በሙሉ፣ ከነምንጩና ከነድንጋዩ፣ እዚያ የባዕድ ሜዳ ላይ ስሙ ተጠራ። ንቶፌላ ከበሮውን መምታት ትታ ነበር፤ መተዋን ያወቀችው አባባ ፖፎሎ በእግሩ ሲጎሽማት ነው። ሽማግሌው ራሱ ያለቅሳል።

ሰው መበተን ሲጀምር ካፖርት የለበሰ፣ ጠጉሩ የሸበተ ሰው ከመኪናው ጎን መጥቶ ቆመ።

«ንቶፌላ» አለ።

ድምፁ የአባቷ ድምፅ ነበር። ማኬኔዌም ዘወር ብላ አየችው።

«ቴቤ። ደኅና ነህ?»

«ደኅና ነኝ።»

«ሰማኸው?»

«ካሴቱ የወጣ ሰሞን ነው የሰማሁት። በመጀመሪያው ቃል አወቅሁሽ። ክፍላችን ውስጥ ወንዱ ሁሉ ‹የኔ ሚስት ናት፣ የኔ ሚስት ናት› እያለ ሲምል፣ እኔ ግድግዳው ላይ ዞሬ ተኛሁ። አንድ ቀን እንኳ የኔ ናት አላልኩም።» ካፖርቱን ቆለፈ። «እዚህ ቤት አለኝ። ልጆች አሉኝ።»

ንቶፌላ ከበሮውን አንሥታ በራሱ ላይ ልትሰብርበት ቃጥቷት ነበር። ማኬኔዌ ግን ክንዷን ያዝ አደረገቻት።

«ደግ አደረግህ» አለችው። «የኔ ናት ብትል ኖሮ የእነሱ አትሆንም ነበር።»

«ማኬኔዌ፣ እኔ...»

«ቤትህን አፍርስ አልልህም። የአንዲት ሴት ቤት ማፍረሴ ይበቃኛል። ኬኔዌ ግን በቁመት በልጣኛለች። መጥተህ ፊትህን አሳያት። ከዚያ ወዲያ መንገድህን ታውቀዋለህ።»

በሚቀጥለው ፋሲካ መጣ። ራሱ የሠራው ቤት ውስጥ እንደ እንግዳ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ ከልጁ ጋር አወራ፤ የእናቱን መቃብር አየ፤ ሄደ። ማኬኔዌ እስከ መንገዱ ሸኘችው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አገር ሁሉ ያውቀዋል። ስንት ካሴት እንዳወጣች፣ የማሴሩ ሬዲዮ ጠዋት ጠዋት በእሷ ድምፅ እንደሚከፈት፣ አባባ ፖፎሎ ሲቀበር ያለ አኮርዲዮን ብቻዋን ዘፍና ቀሳውስቱን እንዳስለቀሰች፣ የአለቃው ሚስት በልጇ ሠርግ ላይ እንድትዘፍንላት ራሷ ደጇ ድረስ መጥታ እንደለመነቻት። ንቶፌላን ስለ እሷ ሲጠይቋት ግን ይህን አታወራም። የምታወራው ያን እሑድ ከሜዳው በማግሥቱ ወደ አገራቸው ስለተመለሱበት አውቶብስ ነው።

አውቶብሱ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ማኬኔዌ ራሷን ተከናንባ መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች። ከንቶፌላ በሌላኛው ጎን ሣጥኑን ጉልበቱ ላይ ያስቀመጠ፣ ጺሙን በቅርብ የተላጨ ሰው አለ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ድንበሩን ካለፉ በኋላ ወደ እሷ ዞረ።

«እህቴ፣ ይቅርታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አንቺ ሴት ነሽ።»

«እንደሚሉት ከሆነ፣ አዎ።»

«ብዙ ዓመት የጠፋ ሰው በር ላይ ሲቆም መጀመሪያ ምን ይላል? ከተነሣን ጀምሮ እየተለማመድኩ ነው። ‹ይቅርታ› ብዬ ልጀምር ወይስ ‹እንደምን ዋልሽ›?»

«ምን ታይቶህ ነው አሁን የምትሄደው?»

«ሚስቴ በዘፈን ጠራችኝ። ትናንት ሜዳ ላይም ያቺ ሴትዮ ዘፈነችው፤ ሚስቴ ልካት መሆን አለበት።»

ንቶፌላ የብርድ ልብሷን ጫፍ ነከሰች። ያኔ ከመስኮቱ በኩል፣ ሳትዞር፣ ማኬኔዌ ተናገረች።

«ምንም አትበል።»

«ምንም?»

«እንጨት ፍለጥ። ውሃ ቅዳ። ስትጮህብህ ስማ። ስትጨርስ እንደገና ትጀምራለች፤ ያንንም ስማ። ይቅርታውን ራሷ ስትጠይቅህ ታመጣዋለህ።»

ሰውየው ነገሩን አሰላሰለ። ከዚያ አንገቱን ወደ መስኮቱ አስግጎ፣ ግራ እንደተጋባ፣ «እህቴ፣ አትቀየሚኝና፣ ድምፅሽ ቁርጥ የሚስቴን ነው» አላት።

«ሚስትህ ዕድለኛ ናት» አለች ማኬኔዌ።

ከአንድ የእሬት አጥር አጠገብ ወረደ። ሣጥኑን ራሱ ላይ አድርጎ ቀጭኑን መንገድ ሽቅብ ያዘ። ሹፌሩ እንኳ ሞተሩን ለማስነሣት አልቸኮለም። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ሰውየው ቆመ፤ ባርኔጣውን አስተካከለ፤ እንደገና መውጣት ጀመረ።

አውቶብሱ ሲንቀሳቀስ ንቶፌላ ከጎኗ አንድ ነገር ሰማች፤ መጀመሪያ ትንፋሽ ብቻ መሰላት። ማኬኔዌ ዐይኗን ከዳገቱ ሳትነቅል ታንጎራጉራለች። ቃል የለውም፤ ዜማውም ገና መንገዱን አላገኘም፤ ይነሣል፣ ይሰናከላል፣ ተመልሶ ይነሣል። ንቶፌላ ይህን ሁሉ ዓመት አብራት ኖራለች፤ አንድ ዘፈን ሲመጣ ግን አይታ አታውቅም ነበር። እንዳይበረግግ ፈርታ ትንፋሿን ያዘች። ከዚያም በጣም ቀስ ብላ፣ ማንም እንዳይሰማት፣ በሁለት ጣቷ ጉልበቷ ላይ መምታት ጀመረች።